የአባይን ጎርፍ ሊገራ ሄዶ የብርሃንን መንገድ ያገኘው ሊቅ

በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ክረምት ሲገባ የሚወርደው ዝናብ በአባይና በገባሮቹ ተሰብስቦ፣ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል። ግብፅ ከሚደርሰው የወንዙ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ነው። የአስዋን ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት የግብፅ ገበሬ ዓመቱን የሚለካው በዚህ ውኃ ነበር፤ ሲጎድል ረኃብ፣ ከልክ ሲያልፍ ጥፋት ያመጣበት ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት፣ ከግብፅ ርቃ በምትገኘው በኢራቋ የባስራ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ የሒሳብ ሰው ይህን ወንዝ በብልሃት መግራት ይቻላል ብሎ ተናገረ። ወሬው ካይሮ ደረሰ። በሰውየው ላይ ከዚያ ወዲያ የመጣው መከራ ሁሉ ከዚህች ንግግር የተነሣ እንደነበረ የጥንት ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ዓለም ዛሬ የሚያስታውሰው ግን በወንዙ ሳይሆን በብርሃን ነው።

ሙሉ ስሙ አቡ ዓሊ አል ሐሰን ኢብን አል ሐሰን ኢብን አል ሀይሰም ይባላል። በአውሮፓ መጻሕፍት አልሐዘን በሚለው ስም ይታወቃል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በባስራ ነው። ባስራ በዚያን ዘመን ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ ሸቀጥ የሚራገፍባት፣ የሃይማኖትና የፍልስፍና ክርክር የማይጠፋባት የንግድ ከተማ ነበረች። ከእርሱ መወለድ በፊት በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት የግሪክ ሊቃውንት መጻሕፍት ባግዳድ ውስጥ ወደ ዓረብኛ ተተርጉመው ነበር። ስለዚህ የኤውክሊድን ጂኦሜትሪ፣ የበጥሊሞስን የከዋክብት ትምህርት፣ የጋሌንን የሕክምና ጽሑፍ ለማንበብ ባሕር መሻገር አላስፈለገውም።

ስለ ኑሮው የሚነገረው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ከጻፉ ሁለት ሰዎች፣ ከኢብን አል ቂፍጢና ከኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ነው። ሁለቱ በሁሉም ነገር አይስማሙም። የወንዙን ታሪክ በስፋት የሚያቀርበው ኢብን አል ቂፍጢ ነው።

በእርሱ ትረካ መሠረት ንግግሩን የሰማው ግብፅን ይገዛ የነበረው የፋጢማውያን ኸሊፋ አል ሐኪም ነበር። አል ሐኪም ዙፋን ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ996፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ1005 ካይሮ ውስጥ የዕውቀት ቤት የተባለ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት የከፈተ፣ ሊቃውንትን የሚያስጠጋ ገዥ ነበር። ይኸው ሰው የገዛ ሹማምንቱን ያስገድል ነበር፤ የከተማዋ ውሾች እንዲፈጁ አዘዘ፤ ሙሉኪያ የሚባለውን የግብፃውያን ተወዳጅ ቅጠል እንዳይበላ ከለከለ፤ በ1009 በኢየሩሳሌም የሚገኘውን የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን አስፈረሰ። እንዲህ ያለ ንጉሥ ሲጠራ መቅረት አይቻልም።

ኸሊፋው እንግዳውን ከካይሮ ውጭ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላ ኢብን አል ሀይሰም ሙያተኞችን አስከትሎ ወንዙን ሽቅብ ይዞ ወደ ደቡብ ተጓዘ። በመንገዱ የፈርዖኖችን ሕንፃዎች አየ። የድንጋዮቹን ግዝፈት፣ የተገጣጠሙበትን ጥንቃቄ፣ በውስጣቸው ያለውን የስሌት ጥበብ ሲመለከት ተስፋው ሟሸሸ። ይህን የሠሩ ሰዎች ወንዙን መግታት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ሳያደርጉት አይቀሩም ነበር ብሎ አሰበ። አስዋን አጠገብ አል ጀናዲል ከሚባለው፣ ውኃው በአለት መካከል ከሚንዶቀዶቅበት ስፍራ ሲደርስ ቦታውን ከየአቅጣጫው መረመረው። ያቀደው ነገር የሚሆን አልነበረም።

ጥርጣሬው ትክክል ነበር። በዚያው አካባቢ የመጀመሪያው ዘመናዊ ግድብ የተጠናቀቀው በ1902፣ ትልቁ የአስዋን ግድብ ደግሞ በ1970 ነው። ለዚህም ሲሚንቶ፣ የሞተር ጉልበትና የብዙ ሺህ ሠራተኞች ላብ አስፈልጓል። ወንዙ ከሚነሣበት ከኢትዮጵያ ወገን ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በጌዴኦ ምድር የሚፈሱት እነ ለገዳራ ግን መንገዳቸው ወደ አባያ ሐይቅ ስለሆነ ከዚህ ታሪክ ውጭ ናቸው፤ በስም ቢቀራረቡም አባያና አባይ አይገናኙም።

ሊቁ ወደ ካይሮ ተመልሶ እንደማይችል ተናገረ። አል ሐኪምም ምክንያቱን የተቀበለ መሰለ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹመት ሰጠው። ሹመቱን እምቢ ማለት ሞት ሊያመጣ ይችላል። መቀበሉም ቢሆን፣ ደም ማፍሰስ ከማይከብደው ገዥ አጠገብ በየቀኑ መዋል ነው። ኢብን አል ሀይሰም ከሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ ፈለገ፤ ያበደ መሰለ። ንብረቱ በመንግሥት እጅ በአደራ ተያዘ፤ እርሱም ጠባቂ ተመድቦለት በቤቱ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1021 አንድ ሌሊት አል ሐኪም በአህያ ተቀምጦ ከካይሮ ውጭ ወዳለው ወደ ሙቀጠም ኮረብታ ወጣ፤ አልተመለሰም። የኸሊፋው መጥፋት ከታወቀ በኋላ ሊቁ ጤነኛ መሆኑን ገለጠ። ከቤቱ ወጥቶም በአል አዝሃር መስጊድ በር አጠገብ መኖር ጀመረ።

የብርሃን መጽሐፉን የጻፈው በዚያ የቁም እስር ዘመን ነው የሚል ወሬ ተስፋፍቷል። ወሬው ልብ ይነካል፤ በጨለማ ቤት ተዘግቶ ብርሃንን የሚያጠና ሰው የማይስበው አንባቢ የለም። የጽሑፎቹን ቅደም ተከተል ያጠኑ ምሁራን ግን መጽሐፉ ከእስሩ በኋላ እንደተጻፈ ያመለክታሉ። እስሩ ያተረፈለት ነገር ቢኖር ሕይወቱን ነው፤ ያም ትንሽ አይደለም።

መጽሐፉ በዓረብኛ ኪታብ አል መናዚር ይባላል፤ የእይታ መጽሐፍ እንደማለት ነው። ሰባት ክፍሎች አሉት። የሚነሣውም ሕፃን ልጅ ሊጠይቀው ከሚችል ጥያቄ ነው፤ ሰው እንዴት ያያል?

ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት በዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ኤውክሊድና በጥሊሞስ ከዓይን ጨረር ይወጣል፣ ጨረሩ ነገሩን ሲነካው ማየት ይሆናል ይሉ ነበር። አርስጣጣሊስን የተከተሉት ደግሞ የነገሩ መልክ ወደ ዓይን ይመጣል ይሉ ነበር፤ በምን መንገድ እንደሚመጣ ግን በመስመርና በማዕዘን ማሳየት አልቻሉም። የመጀመሪያው ሐሳብ ዛሬ ቢያስቅም ከአነጋገር ውስጥ ገና አልወጣም። በአማርኛ ሰው ዓይኑን ጣለበት፣ ዓይኑን ወረወረ ሲባል፣ ከዓይን አንድ ነገር ወጥቶ የሚሄድ ይመስላል።

ኢብን አል ሀይሰም የታላላቆቹን ስም ፈርቶ አልተቀበላቸውም። በጥሊሞስን በተቸበት ሌላ ጽሑፉ፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን መጻሕፍት ሲያነብ ሁሉንም እንዲጠራጠርና እንዲመረምር፣ የገዛ ራሱንም ጥርጣሬ ሳይመረምር እንዳያልፍ አሳስቧል። በብርሃን ጉዳይም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰው ፀሐይን ትኩር ብሎ ቢያይ ዓይኑ ይታመማል፤ ጨረሩ ከዓይን የሚወጣ ቢሆን ሕመሙ ከየት መጣ? ደማቅ ብርሃን ሲያይ ቆይቶ ዓይኑን ቢጨፍን መልኩ ለጥቂት ጊዜ ይቀርበታል። ሰማይን ቀና ብሎ ሲያይ ደግሞ ከዋክብት ወዲያው ይታዩታል፤ ከትንሿ ዓይን የሚወጣ ነገር የሰማዩን ስፋት ሁሉ በቅጽበት ይሞላል ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ብርሃን ወደ ዓይን የሚመጣ እንጂ ከዓይን የሚሄድ አይደለም አለ።

ብርሃን የሚታይባቸውንም ነገሮች ለሁለት ለያቸው። አንዳንዶቹ ብርሃኑ የራሳቸው ነው፤ ፀሐይ፣ ከዋክብት፣ እሳት ከዚህ ወገን ናቸው። ሌሎቹ ከእነዚህ ተውሰው የሚታዩ ናቸው። በዛሬ ኑሮ ቢታሰብ ኩራዝ፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ አምፖል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላው ፋኖስ፣ በክረምት ምሽት በሣር መካከል ብልጭ የምትለው አብሪ ትል የራሳቸውን ብርሃን ይሰጣሉ። የቤቱ ግድግዳ፣ የእንሰቱ ቅጠል፣ የሰው ፊት ግን ከሌላ የተቀበሉትን ይሰጣሉ። የእርሱ ትልቅ ግኝት እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ያረፈበት ነገር እያንዳንዱ ነጥብ፣ የተቀበለውን ብርሃን በየአቅጣጫው ቀጥ ባሉ መስመሮች መልሶ ይልካል። በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ አሥር ሰዎች በየማዕዘናቸው ሆነው አንዱን ረከቦት በአንድ ጊዜ የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በቃል ብቻ አልተወውም። አንድ ጨለማ ክፍል አዘጋጀ፤ በክፍሉ በር ወይም ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተወ። ከውጭ ብዙ መብራቶችን በተለያየ ቦታ ደረደረ። ውስጥ ባለው ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጠብጣቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲጋርደው አንዷ ነጠብጣብ ብቻ ጠፋች፤ ግርዶውን ሲያነሣ ተመልሳ መጣች። የጠፋችው ነጠብጣብ ከመብራቱና ከቀዳዳው ጋር በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ነበረች። ስለዚህ የሁሉም መብራቶች ብርሃን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ አልተደባለቀም፤ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ ሄዷል። ይህን ሙከራ ሦስት ኩራዝና በምስማር የተበሳ ካርቶን ያለው ማንም ሰው ዛሬ ማታ በቤቱ ሊደግመው ይችላል።

ለጌዴኦ ገበሬ ደግሞ ካርቶኑም አያስፈልገውም። በይርጋጨፌ፣ በወናጎ ወይም በኮቾሬ ቀትር ላይ ከቡናው ሥር የቆመ ሰው፣ መሬቱ ላይ የተበተኑ ክብ ክብ የብርሃን ጠብታዎችን ያያል። ከላይ ያሉት የዋንዛና የብርብራ ቅጠሎች የተዉት ክፍተት ግን ክብ አይደለም፤ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ሌላው ስንጥቅ፣ ሌላው ቅርጽ የለሽ ነው። ክፍተቱ ትንሽ ሲሆንና ከመሬት ሲርቅ፣ ወደ መሬት የሚደርሰው የክፍተቱ ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይዋ ምስል ነው። የምስሉም መጠን ከርቀቱ ጋር ይሄዳል፤ ክፍተቱ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ቢል ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች የምትፈጥረው ክብ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ዛፍ፣ ቡናና እንሰት በፎቅ በፎቅ የቆሙበት ስለሆነ፣ የኢብን አል ሀይሰም ጨለማ ክፍል በሺህ ቀዳዳ ተከፍቶ እንደማለት ነው።

ይህ ክብ የፀሐይ ምስል ለመሆኑ ማስረጃው በግርዶሽ ቀን ይገኛል። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ በኢትዮጵያ ታይቷል። በላሊበላ አካባቢ ጨረቃ መካከሉን ሸፍና ፀሐይ ቀለበት ስትመስል፣ በደቡብ ግን የተሸፈነችው በከፊል ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ከዛፍ ሥር የሚወድቁት ክቦች ሁሉ ተገምጠው እንደ ማጭድ ይሆናሉ። ኢብን አል ሀይሰም በዚሁ ጉዳይ ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አለው። የግርዶሽ ፀሐይ በጠባብ ቀዳዳ ስታልፍ የማጭድ ቅርጽ እንደምትሠራ፣ ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ ግን ምስሉ ደብዝዞ የቀዳዳውን ቅርጽ እንደሚይዝ በስሌት አስረድቷል። ፀሐይን በዓይን ሳያዩ ግርዶሹን መከታተል ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በግርዶሽ ጊዜ ቀና ብሎ ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

መስታወትን የሚመለከቱት የመጽሐፉ ክፍሎች አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው። በዘመኑ መስታወት ማለት የተወለወለ ብረት ወይም ሌላ ማዕድን ነበር። ብርሃን መስታወት ላይ በመጣበት ማዕዘን ልክ እንደሚመለስ ግሪኮች ያውቁ ነበር። ኢብን አል ሀይሰም ግን ሕጉ ለሁሉም ዓይነት መስታወት መሥራቱን ለማረጋገጥ መሣሪያ ሠራ፤ ከብረት የተዘጋጁ ሰባት መስታወቶችንም አንድ በአንድ ፈተነ። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሌሎቹ እንደ ኳስ፣ እንደ ቧንቧና እንደ ሾጣጣ ቆብ ሆነው ወደ ውጭ የጎበጡና ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ናቸው። በሁሉም ላይ የሚመጣው ጨረር፣ የሚመለሰው ጨረርና ከመስታወቱ ገጽ ቀጥ ብሎ የሚቆመው መስመር በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሁለቱ ማዕዘኖችም እኩል ናቸው። ነገሩን ለማስረዳት የወሰደው ምሳሌ በጠንካራ ነገር ላይ የተወረወረች ኳስ ናት፤ ቀጥ ብላ ከመጣች ቀጥ ብላ፣ ተንጋዳ ከመጣች በዚያው ልክ ወደ ሌላው ወገን ትነጥራለች።

ከዚህ ሕግ የሚወጣው ነገር በዲላ ከተማ በየመንገዱ አለ። በፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ጠፍጣፋ መስታወት ደንበኛውን ከመስታወቱ ኋላ፣ በፊት ለፊቱ በቆመበት ርቀት ልክ ያሳየዋል። ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ለመታየት የቁመቱ ግማሽ የሆነ መስታወት ይበቃዋል፤ ሙሉ ቁመት ያለው መስታወት የሚገዛ ሰው ግማሹን በከንቱ ከፍሏል። የባጃጅ የጎን መስታወት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው። የሚያሳየው የመንገድ ስፋት ይጨምራል፤ ኋላ ያለው መኪና ግን ከእውነቱ ይልቅ ያነሰና የራቀ ይመስላል። ይህን የማያውቅ አሽከርካሪ ወደ ጎን ሲታጠፍ ከኋላው የመጣውን ይሳሳታል።

ወደ ውስጥ የጎደጎደው መስታወት ሥራው ሌላ ነው፤ ብርሃንን ይሰበስባል። ኢብን አል ሀይሰም ስለሚያቃጥሉ መስታወቶች ሁለት ጽሑፎች አሉት። እንደ ኳስ የጎደጎደ መስታወት የፀሐይን ጨረር አጠራቅሞ እንጨት ሊያነድ ይችላል፤ ግን ከጠርዙ የሚመለሱት ጨረሮች በአንድ ነጥብ አይገናኙም። ፓራቦላ የሚባለውን ቅርጽ ይዞ የተሠራ ከሆነ ግን ከፀሐይ የሚመጡት ትይዩ ጨረሮች በሙሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ይወድቃሉ። ይህን ከእርሱ በፊትም ያወቁ ነበሩ፤ እርሱ ማረጋገጫውን በጥራት አቀረበ። የእጅ ባትሪ ብርሃን ሩቅ የሚደርሰው ከአምፖሉ ኋላ ባለው በዚህ ዓይነት ቅርጽ ነው። በቤት ጣሪያ ላይ የሚተከለው የቴሌቪዥን ዲሽም ያው ነው። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ የብርሃን ዘመድ ስለሆነ፣ ሳህኑ ላይ አርፎ በመካከሉ ወደ ቆመችው ትንሽ ተቀባይ ይሰበሰባል። ዲሹ በነፋስ ጥቂት ሲዞር ሥዕሉ የሚጠፋው ነጥቧ ስለሳተች ነው።

አንዱ ጥያቄ ግን እርሱንም ብዙ አድክሞታል። ክብ ኳስ የመሰለ የሚያንጸባርቅ ነገር አለ፤ በአንድ ወገን መብራት፣ በሌላ ወገን ተመልካች ቆመዋል። የመብራቱ ብርሃን ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚነጥረው ከኳሱ ከየትኛው ነጥብ ላይ ነው? መስታወቱ ጠፍጣፋ ቢሆን መልሱ ቀላል ነው። በኳስ ላይ ግን ተራ ማስመሪያና ኮምፓስ አይበቃም። ኢብን አል ሀይሰም ሾጣጣ ቅርጽ ሲቆረጥ የሚገኙትን ጥምዝ መስመሮች ተጠቅሞ መልሱን አገኘ፤ ማረጋገጫው ረጅምና አድካሚ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ሊቅ ሁይገንስ አጠር ያለ መፍትሔ ሰጠበት። በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ፈጽሞ እንደማይፈታ የተረጋገጠው ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ኒውማን ነው። ጥያቄው ዛሬም የአልሐዘን ጥያቄ ይባላል።

ስለ ጨረቃ የጻፈው ከሁሉ የበለጠ ለተራ ሰው ቅርብ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን እንደሌላት ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ብዙዎች ግን የፀሐይን ብርሃን እንደ መስታወት ትመልሳለች ብለው ያስቡ ነበር። ኢብን አል ሀይሰም ይህን በራሱ የመስታወት ስሌት ፈተነው። ጨረቃ እንደተወለወለ ኳስ ብታንጸባርቅ ኖሮ፣ ከገጿ ላይ የሚበራው አንድ ትንሽ ነጥብ ብቻ፣ የቀረው ጨለማ በሆነ ነበር። በጀበና ገጽ ላይ የመስኮት ብርሃን በአንድ ቦታ ብቻ ብልጭ እንደሚል ማለት ነው። ጨረቃ ግን ፀሐይ ያረፈባት ገጿ በሙሉ ይታያል። ስለዚህ እንደ መስታወት ሳይሆን እንደ ግድግዳ ናት፤ እያንዳንዱ የገጿ ነጥብ የተቀበለውን ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትናል። የዛሬ ልኬት እንደሚያሳየው ጨረቃ ከሚያርፍባት ብርሃን የምትመልሰው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ድንጋይዋ ጥቁር ነው። በሌሊት ነጭ የምትመስለው ከኋላዋ ያለው ሰማይ ስለሚጠቁር ነው።

በሁሉም ነገር ልክ ነበር ማለት ግን አይደለም። የዓይንን አሠራር ከጋሌን መጻሕፍት ስለወሰደ፣ ብርሃንን የሚያውቀው በዓይን መካከል ያለው ሌንስ ነው ብሎ አመነ። ጨለማ ክፍሉ የሚያሳየው ምስል የተገለበጠ በመሆኑ በዓይን ውስጥም እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል ሳያጤነው አልቀረም፤ የተገለበጠ ዓለም ማየትን ግን መቀበል ከበደው። ምስሉ ተገልብጦ በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ ያስረዳው ጀርመናዊው ኬፕለር ነው፤ ይህም በ1604 ነበር። ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ ይወስዳል፣ ጊዜው ግን ከማጠሩ የተነሣ አይታወቅም ያለው ደግሞ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከፀሐይ ተነሥቶ ምድር ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ኑሮው ዝቅተኛ ነበር። ሹመትም ደሞዝም አልነበረውም። በየዓመቱ የኤውክሊድን፣ የበጥሊሞስንና ሌሎች የሒሳብ መጻሕፍትን በእጁ ይገለብጥና በ150 የግብፅ ዲናር ይሸጥ ነበር፤ ዓመቱን የሚኖረው በዚያች ገንዘብ ነው። ዋጋው የተቆረጠ ስለነበር በገበያ ክርክር አያስፈልገውም ነበር ይላል ኢብን አል ቂፍጢ። በሌሊት የሚያነቃው ቡና እንኳ አልነበረውም፤ ቡና ካይሮ የደረሰው እርሱ ከሞተ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በዚህ ሁኔታ የጻፋቸው ሥራዎች ከ90 በላይ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ኢብን አል ቂፍጢ በሊቁ እጅ የተጻፈ፣ የሂጅራ 432 ዓመት የተመዘገበበት የጂኦሜትሪ ጽሑፍ በዓይኑ አይቷል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1040 እስከ 1041 ባለው ጊዜ ላይ ይውላል፤ ሞቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የሞተው በካይሮ ነው።

በገዛ አገሩ መጽሐፉ ለብዙ ጊዜ ችላ ተባለ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ከማል አል ዲን አል ፋሪሲ የተባለ የፋርስ ሊቅ ሰፊ ማብራሪያ ጻፈበት፤ በውኃ በተሞላ የመስታወት ኳስ እየሞከረም የቀስተ ደመናን ምክንያት አገኘ። በአውሮፓ ግን ቀድሞ ወደ ላቲን ተመልሶ ስለነበር ሮጀር ቤከንና ሌሎችም ተማሩበት። በ1572 ባዝል ከተማ ውስጥ በማተሚያ ቤት ታተመ። ኬፕለር የተነሣው ከዚያ እትምና እሱን ተከትለው ከመጡ ጽሑፎች ላይ ነው። ኢራቅ የሊቁን ምስል በ10,000 ዲናር ኖቷ ላይ አትማለች። የተባበሩት መንግሥታት 2015ን የብርሃን ዓመት ብሎ ሲሰይም የእይታ መጽሐፉ ሺህኛ ዓመት አብሮ ታስቧል። በጨረቃ ምሥራቃዊ ጠርዝ አጠገብ፣ ማሬ ክሪሲየም ከተባለው ጥቁር ሜዳ ማዶ፣ በስሙ የተሰየመ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጉድጓድ አለ፤ ጥሩ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሊያየው ይችላል።